ስለ አንዲት ጎሚኒ የቀረበ ግለ ሂስ

የበቆጂ ልጆች ነን ስንል የሚከተለው ጥያቄ ምንጊዜም አንድ ነው፤ «ትሮጣላችሁ?» አንሮጥም። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ ከእኛ የተወለደ አንድም አልነበረም። ከዚያ ወዲህም ያገራችንን ስም ያስጠሩት ሌሎች ናቸው። እኛ ሮጠን የምናውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ከኀፍረት ነው። ይጻፍ አይጻፍ ብለን መኝታ ክፍላችን ውስጥ ተከራክረን፣ ይጻፍ ያልነው ሦስት ለአንድ አሸነፍን።

ነገሩ የእጅ ፓምፕ ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስንገባ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር ፓምፑ ታሞ ጠበቀን። «ቢሻን ሂንጅሩ» አሉን ልጆቹ፤ ውኃ የለም ማለታቸው ነው። ጨርሶ የለም እንኳ አይደለም፤ እጀታውን ሠላሳ አርባ ጊዜ ከወዘወዙት ቀጠን ያለ ውኃ ይወርዳል። ከአራታችን ሁለቱ የመካኒካል ምህንድስና፣ አንዱ የኬሚስትሪ፣ አንዱ የቋንቋ ተማሪ ነን። ሁለቱ መሐንዲሶች ተያዩ።

ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚባለው ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የዓለም ባንክና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የእጅ ፓምፕ ጥናት ጀምረው ነበርና፣ በዚያው ሥራ ማላዊና ኬንያ ውስጥ እየተሞከረ የዳበረ ዓይነት ነው። ሐሳቡ የተማሪ ልብ ይማርካል፤ መንደርተኛው ራሱ ይጠግነው፣ ከከተማ መኪናና ባለሙያ አይጠብቅ ነው የሚለው። በብዙዎቹ የቀድሞ ፓምፖች ከታች ያለው ዕቃ ሲበላሽ ቧንቧው ሁሉ ከጉድጓዱ መውጣት ነበረበት። በአፍሪዴቭ ግን ቧንቧው ባለበት ይቆያል። ክዳኑን ከፍተህ ዘንጎቹን አንድ በአንድ እየነጠልህ ስትስብ ፒስተኑ ተከትሎ ይወጣል፤ የታችኛውንም ቫልቭ ማጥመጃ ሰደህ ታወጣዋለህ። ለዚህ ሁሉ አንዲት መፍቻ ትበቃለች።

ፒስተኑ ላይ ቶሎ የምታልቀው ጎሚኒዋ ናት። ክብ ናት፤ ብትቆረጥ ግን ጎኗ ቁርጥ «ሀ»ን ይመስላል። ፒስተኑ ሽቅብ ሲሳብ ከበላዩ ያለው ውኃ በ«ሀ» አፍ ገብቶ ከንፈሮቿን ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይገፋቸዋል፤ ያኔ ውኃው ወደ ታች ማምለጫ ያጣል። ከጉድጓዱ የሚመጣ ደቃቅ አሸዋ ደግሞ እንደ ሞረድ ይበላታል። ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ እናውቀዋለን። የግፊቱን ስሌት ሠርተን ማርክ አግኝተንበታል።

የፓምፑ ጠባቂ ልጃቸው አራስ ሆና ሳጉሬ ሄደዋል። ይመጣሉ፣ ጠብቁ ተባልን። ምን እንጠብቃለን? ከገንዘብ ያዡ መለዋወጫዋን ተቀብለን ከፈትነው። ዘንጎቹን ጭቃው ላይ አጋደምናቸው፤ አሮጌዋን ጎሚኒ አውጥተን አዲሲቱን አስገባን፤ የታችኛውን ቫልቭ «እሱ ደህና ነው» ብለን አልነካነውም። ገጠምነው። እጀታው ላባ ሆነ። ውኃ ግን ጠብ አላለም።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ። እንደገና እንክፈተው ያለ ከመካከላችን አልነበረም። ይልቅስ በዙሪያችን ለቆሙት እናቶች ስለ ከርሰ ምድር ውኃ መሸሽ ገለጻ አደረግን። «ጉድጓዱ ደርቋል» አልን። በሐምሌ! ዝናቡ አናታችን ላይ እየወረደ፣ ካካ ተራራ ጉም ለብሶ፣ የገብሱ ማሳ ውኃ ተኝቶበት! ማንም አልሳቀብንም፤ የተማሩ ናቸው ተብሎ ታመንን። ይባስ ብለን ለቀበሌው «ሌላ ጉድጓድ ይቆፈር» የሚል ደብዳቤ ጽፈን አራታችንም ፈረምን።

ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ተመለሱ። የክረምት ወንዝ የሜዳውን እበት ሁሉ አጥቦ የሚወርድ ቡናማ ውኃ ነው። በስድስተኛው ቀን ከፓምፑ አጠገብ ያለው ቤት ሕፃን ተቅማጥ ያዘው። ጤና ኬላ ኦ.አር.ኤስ. ተሰጥቶት ዳነ። ከወንዙ ውኃ ይሁን ከሌላ ነገር ማን ያውቃል? እኛ ግን ያን ሌሊት አልተኛንም። የታመመ ፓምፕ ሰጥተውን የሞተ መልሰናል፤ ሠላሳ ጊዜ ተወዝውዞም ቢሆን ንጹሕ ውኃ ይሰጥ ነበር።

አዴ (ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራቸው) በዘጠነኛው ቀን መጡ። ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ ኬሻ አነጠፉ። የወጣውን ዕቃ ሁሉ በወጣበት ተራ ኬሻው ላይ ይደረድራሉ፤ ማንበብ አይችሉም፣ ተራው ነው ማስታወሻቸው። ፒስተኑ ሲወጣ ጎሚኒዋን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጓት።

«ኢጆሌ፣ ይህን ያስገባው ማነው?»

«እኛ ነን አዴ።»

«አፉን ደፍታችሁት ምን ብሎ ይጠጣ?»

«ሀ»ን ገልብጠን ነበር። አልተቆጡንም። ቢቆጡን በተሻለን።

ቀጥለው እኛ ደህና ነው ያልነውን የታችኛውን ቫልቭ አወጡ። ከመዝጊያው ሥር አሸዋና የገመድ ክር ተሰንቅሮ ተገኘ። ዋናው በሽታ ለካ እዚያ ነበር፤ ፓምፑ ሲያርፍ ውኃው ቀስ በቀስ ወደ ታች ይሾልካል፣ ሲነሣም ባዶ ቧንቧ መሙላት ይሆናል። መለያውን ነገሩን፤ ፓምፑን ግማሽ ሰዓት አሳርፈህ ስትጀምር ከአምስት ምት በላይ ከፈጀ የታችኛውን ቫልቭ ጠርጥር። እያንዳንዱን ዕቃ በንጹሕ ውኃ አጥበው፣ በረኪና ጠብ ባደረጉበት ውኃ አለቀለቁ። ጎሚኒዋን አፏን ወደ ላይ አስገብተው ገጠሙ። በአራተኛው ምት ውኃው መጣ። የበረኪናው ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ሲያስደፉን ቆዩ።

በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር የዘመተ አንድ አጎት አለን። ታሪኩን ስንነግረው ሳቀና «እናንተስ ዘጠኝ ቀን ነው» አለን። ዝርዝሩን ብንለምነውም አልጨመረልንም።

የሮጥነው ያን ዕለት ነው፤ ደብዳቤውን ለማስመለስ፣ ከፓምፑ እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ በጭቃ። «ቁጥር የተሰጠው ወረቀት አይወጣም» ተባልን። ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍን፤ ጉድጓዱ አልደረቀም፣ ጎሚኒዋን ገልብጠን ያስገባነው እኛ ነን ብለን አራታችንም ፈረምን። ጸሐፊው አነበበና ቀና ብሎ አየን፤ ማኅተም መታበት፤ ከመጀመሪያው ሥር አስገብቶ ማኅደሩን ዘጋው።