«ተረከዜን ብቻ ነው» ያሉኝ አባት

ዛሬ የማወራችሁ ዛፍ ላይ ስለ መውጣት ነው። «ሃያ ሁለት ላይ ደግሞ ምን ዛፍ ቀረና?» እንዳትሉኝ፤ ታሪኩ የመጣው ከቦንጋ ነው።

ከወራት በፊት ስልሳን የተሻገሩ አባትን እዚሁ ሰፈር የሚኖረው ልጃቸው ደግፎ ወደ ክሊኒክ አመጣቸው (የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው)። ከፋ ጫካ ውስጥ ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅላሉ። ወድቀው በሦስተኛው ቀን፣ 450 ኪሎ ሜትር ያህል አውቶቡስ ላይ ተቀምጠው ነው የመጡት። ሁለቱም ተረከዛቸው አብጧል። «ሌላ የሚያምዎት አለ አባባ?» አልኳቸው። «የለም ልጄ፣ ተረከዜን ብቻ ነው።»

እኔም የተረከዝ ራጅ ብቻ አዘዝኩ። ከአልጋው ሲወርዱ ግን ወገባቸውን ያዝ አደረጉ። የወገብ ራጅ ስጨምር አንድ የጀርባ አጥንታቸው ተሰብሯል። ያቺን እጅ ባላያት ኖሮ እያልኩ እስካሁን እጨነቃለሁ። በእግሩ ያረፈ ሰው ምቱ ከተረከዝ ተነሥቶ ወገብ ድረስ ይወጣል፤ የተረከዙ ሕመም ደግሞ የወገቡን ይሸፍነዋል።

እንዴት እንደወደቁ ጠየቅኳቸው። ገመዱን በግንዱና በወገባቸው ዙሪያ ያዞራሉ፣ ወደ ኋላ ተደግፈው በእግራቸው ግንዱን ይረግጣሉ፣ ከዚያ ገመዱን ወደ ላይ ወርወር እያደረጉ ይወጣሉ። ችግሩ ቅርንጫፍ ሲመጣ ነው። ለማለፍ ገመዱ ይፈታል። የወደቁትም ያኔ ነው። ከ5 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት ሲነካ በሰዓት ወደ 36 ኪሎ ሜትር ይፈጥናል፤ መኪና እንደገጨው አስቡት።

አሜሪካ ውስጥ ዛፍ ላይ ሆነው አጋዘን በቀስት የሚያድኑ ሰዎችም ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ሲወጡ፣ ሲወርዱና ወደ መቀመጫቸው ሲሻገሩ ነው። ስለዚህ ትከሻና ጭንን የሚይዝ ማሰሪያ ከመሬት ጀምረው ይታጠቃሉ፤ ሁለተኛው ገመድ ሳይታሰር የመጀመሪያው አይፈታም። ይህ ሰፈራችን ውስጥ የባህር ዛፍ መወጣጫ ላይ ለሚሠሩ ልጆችም ይሠራል። ግቢያችሁ ዘይቱን ወይም አቮካዶ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ፣ ልጅ ዛፍ ላይ ስታዩ አትጩኹበት፤ ደንግጦ ይለቃል። ቀስ ብላችሁ አውርዱት።

ሰው ከወደቀ ስባችሁ አታስቀምጡት፣ ውሃም አታጠጡት። መተንፈሱን እዩ፤ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ያዙ፤ 907 ወይም አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ። ማንቀሳቀስ ግድ ከሆነ አንዱ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ አጥብቆ ይያዝ፤ ሌሎቹ አንገቱና ጀርባው ሳይጣመም ገላውን በአንድ ላይ አዙረው ሳንቃ ላይ ያድርጉት። እግሩ ከደነዘዘ፣ ከዛለ ወይም ሽንት እምቢ ካለው ለነገ አይባልም። እየተራመደም ቢሆን ተረከዙን ካመመው «ወገቡንም እዩልን» በሉ። ሐኪሙ ቅር አይለውም፤ እኔ አይለኝም።

አባባ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው አገገሙ። ባለፈው ሳምንት ልጃቸው ደውሎ ሁለተኛ ገመድ ገዝቶ እንደላከላቸው ነገረኝ። መውጣቱን ግን ገና አልፈቀድኩላቸውም።