ፖስተሩ ላይ የሌለው ስም

ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ የሐበሻ ሱቅ በር ሳይነበብ አይታለፍም። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ የሚመጣው ዘፋኝ ፎቶ የመስታወቱን ግማሽ ይዟል። ከሥሩ ቀኑና አዳራሹ፣ የመግቢያው ዋጋ፣ የአዘጋጁ ስልክ አለ። ከዚያ የስፖንሰሮች ሰልፍ ይከተላል፤ ቤት የሚያሻሽጥ፣ ታክስ የሚሠራ፣ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥ፣ ሬስቶራንት፣ እያንዳንዱ ከነፎቶውና ከነስልኩ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ጥግ ላይ «ከሙሉ ባንድ ጋር» ይላል።

ከየትኛው ባንድ ጋር? ድራሙን የሚመታው ማን ነው? ቤዙን የያዘው፣ ሳክስፎኑን የሚነፋውስ? ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጨፍሩን የሚያድሩት ሰዎች እዚሁ አብረውን የሚኖሩ ናቸው። ብዙዎቹ ቀን ሌላ ሥራ ውለው፣ ማታ መሣሪያቸውን መኪና ላይ ጭነው የሚመጡ ናቸው። ቤት የሚያሻሽጠው ሰው ስም በፖስተሩ ላይ እያለ የእነሱ መቅረት ትክክል አይደለም። ይህን ስል ብዙ ሰው ተከራክሮኛል፤ ዛሬ ክርክሩን በጽሑፍ ላድርገው።

አገር ቤት በካሴት ዘመን ሙዚቃን የሚያስተዋውቀው መንገዱ ራሱ ነበር። መርካቶ፣ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ሙዚቃ ቤቶች ትልቅ ስፒከር ደጃፋቸው ላይ አውጥተው አዲሱን ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ ይለቁት ነበር። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ፈለገም አልፈለገም ይሰማዋል፤ ሳምንት ሳይሞላ ግጥሙን ይዞታል። ገባ ብሎ «እስቲ አሰሙኝ» ላለ ሰው ካሴቱ ይከፈትለታል። ገዝቶ ቤቱ የገባ ደግሞ ሽፋኑን አውጥቶ ያነባል፤ ግጥም እከሌ፣ ዜማ እከሌ፣ ቅንብር እከሌ፣ ባንድ ሮሃ። ወይም ኢትዮ ስታር፣ ወይም ዳህላክ። ዘፋኙን ገና ሳያውቅ «ሮሃ ካጀበው ጥሩ ነው» ብሎ ካሴት የሚገዛ ሰው በየሰፈሩ ነበር። እኔም ሙዚቃ መስማት የተማርኩት ከእንደዚህ ዓይነት ሰዎች ነው፤ «አሁን ጊታሩን ብቻ ስማው» ይሉኝ ነበር።

ከካሴቱ በፊትም ባንዶቹ ቤት ነበራቸው። ዋልያስ በአዲስ አበባ ሂልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል ይጫወቱ ነበር። ለመጨፈር የሚወጣ ሰው ሆቴሉን የሚመርጠው በባንዱ ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ደግሞ፣ ማታ የገባ እንግዳ ሳይነጋ መውጣት ስለማይችል፣ ዋልያሶች ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወቱበት ወቅት ነበር። በ1977 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) «ቼ በለው» የሚለውን አልበም ሲያወጡ የሚዘፍን ሰው አልነበረበትም፤ ዜማው ሁሉ በመሣሪያ ነው። የሸጠው የባንዱ ስም ነው። አይቤክስ በ1975 የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ያጀበው ባንድ ነው፤ ሰላም ስዩም በጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ። ኋላ ሮሃ የሆነውም ይኸው ባንድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባንድ እንደ እግር ኳስ ቡድን ደጋፊ ነበረው፤ ደጋፊ ስለነበረውም ስሙን ሁሉም ያውቀዋል።

ፉክክር ስምን እንዴት እንደሚያነግሥ ልጆቻችን ከሌላ በኩል ያውቁታል። በምረቃ ግብዣ ላይ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸው ልጆች ስለ ፕሌይስቴሽንና ስለ ኤክስቦክስ ሲከራከሩ አዳምጡ። ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ በ2020 ኅዳር ውስጥ በሁለት ቀን ልዩነት ነው ገበያ የገቡት፤ ዋጋቸውም ያኔ እኩል 499 ዶላር ነበር። ልጆቹ የአንዱን ፍጥነትና የሌላውን ጨዋታዎች በዝርዝር ይነግሯችኋል። ከእነሱ ከፍ ያሉት ደግሞ የ2013ቱን ግጥሚያ ያስታውሳሉ። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ካላገኘ አይሠራም፣ ያገለገለ ጨዋታም እንደ ልብ አይሸጥም አይዋስም ሲል፣ ሶኒ ወዲያው አጭር ቪዲዮ ለቀቀ፤ አንዱ ሰው ዲስኩን ለሌላው ይሰጠዋል፣ አለቀ። በዚያ ላይ የፕሌይስቴሽኑን ዋጋ 399 አድርጎ ከተፎካካሪው በ100 ዶላር ዝቅ አለ። ማይክሮሶፍት ሕጉን በቀናት ውስጥ አነሳ። ሁለቱም ኩባንያዎች በፉክክሩ ስማቸውን አስተዋወቁ።

አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ይህን ክርክር ብዙም አያውቀውም። ማሽኑ የቤቱ ነው፣ እሱ የሚከፍለው ለጨዋታው ነው፤ የሚጨቃጨቀውም ማን ተነሥቶ ማን ይቀመጥ በሚለው ላይ ነው። እዚህ ግን ማሽኑ የየግል ስለሆነ ስሙ የልጁ ማንነት ሆኗል። ልጆች እንዲህ ሲከራከሩ በሰማሁበት አንድ ግብዣ ላይ አዳራሹ ጥግ አንድ ባንድ ይጫወት ነበር። ልጆቹን የባንዱን ስም ጠየቅኳቸው፤ አያውቁም። አባቶቻቸውን ጠየቅኩ። እነሱም አያውቁም።

እንዲህ ያለ አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳይ ታሪክ እዚሁ ዋሽንግተን አለን። ዋልያሶች በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ መጡ፤ ከመካከላቸው እዚሁ የቀሩ ነበሩ። ከቀሩት አንዱ ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 አኮርዲዮኑን ይዞ፣ ከኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር፣ ለብቻው አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ደለስ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያንን ካሴት በ2013 እንደገና አሳትሞ ዓለም እንዲሰማው ያደረገው ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ያገኘውም ባሕር ዳር ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ኃይሉ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ዞረ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ይህን ሳስብ የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነው። ሰውየው ወደ ሠላሳ ዓመት በእኛ መካከል ኖሯል። በአውሮፕላን ማረፊያው በር የምናልፈው እኛ ነን። አዳራሽ የምንከራየው፣ ፖስተር የምናሳትመው፣ የሬዲዮ ሰዓት የምንገዛው እኛ ነን። የተነሣው ግን ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ካሴት በገዛ እንግዳ ሰው ነው።

ከእኛ ጋር በአንድ ሰፈር የሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን የራሳቸውን ባንድ እንዴት እንደሚይዙ ደግሞ ተመልከቱ። ዋሽንግተን የራሷ ሙዚቃ አላት፣ ጎ ጎ ይባላል፤ በ1970ዎቹ ቸክ ብራውን ያስነሣው ነው። ኮንጋውና ድራሙ በዘፈንና በዘፈን መካከል እንኳ አይቋረጥም። ሙዚቃው በብሔራዊ ሬዲዮ ብዙ ቦታ ስላላገኘ ራሱን በሰፈር ነው ያስተዋወቀው። ባልቲሞር ውስጥ ግሎብ የሚባል ማተሚያ ቤት የሚያትማቸው ዓይን የሚወጋ ቀለም ያላቸው ፖስተሮች በየስልክ እንጨቱ ይለጠፉ ነበር፤ በትልልቅ ፊደል የሚጻፈው የባንዶቹ ስም ነበር። የመድረኩ ቅጂ በካሴት ተባዝቶ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጥ ነበር። ካሴቱ ላይ መሪው የሰፈሮቹን፣ አዳራሹ ውስጥ የመጡትን ወዳጆች ስም ሲጠራ ይሰማ ነበር። የተጠራ ሰው ካሴቱን ይገዛ፣ ለጓደኞቹም ያሰማ ነበር። ማስታወቂያ ማለት ይህ ነው።

ሰባተኛው መንገድና ፍሎሪዳ አቬኑ ጥግ ላይ አንድ የሞባይል መሸጫ አለ። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከዘጠነኛው መንገድ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ይህ ሱቅ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሩ ላይ ስፒከር አውጥቶ ጎ ጎ ሲያሰማ ኖረ፤ ልክ እንደ ፒያሳ ሙዚቃ ቤት። በ2019 ሚያዝያ፣ አዲስ የገባ ነዋሪ ስለ ጩኸቱ አቤቱታ አቅርቦ ስፒከሩ ዝም እንዲል ተደረገ። ሰፈሩ ተነሣ። ባንዶች መንገድ ላይ ወጥተው ተጫወቱ፣ «ዶንት ሚውት ዲሲ» የሚል እንቅስቃሴ ተወለደ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፊርማውን አኖረ። ስፒከሩ በቀናት ውስጥ እንደገና ተከፈተ። በ2020 የካቲት ደግሞ የከተማዋ ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ጎ ጎን የዋሽንግተን ዲሲ ይፋዊ ሙዚቃ የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። ለሱቅ በር ስፒከር ሲባል ይህን ያህል መታገል ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ በዚያ ድምፅ ያደግን ሰዎች ይህን ትግል ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባን ነበር።

ጎ ጎና የእኛ ምሽት በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። አዝማሪ ቤት የገባ እንግዳ ስሙ ተጠይቆ ወዲያው ግጥም ይወጣለታል። እዚህም ዘፋኙ ግንባሩ ላይ ዶላር እየተለጠፈለት የሸላሚዎቹን ስም ይጠራል፤ የሬስቶራንቱን ባለቤት፣ አዘጋጁን፣ ከሩቅ ከተማ የመጣውን ሁሉ ያመሰግናል። ባንዱ ግን ብዙውን ጊዜ «ለባንዱም አጨብጭቡለት» ተብሎ ያልፋል።

አንድ ዝግጅት አዘጋጅ ወዳጄ ይህን ሳነሣበት መልሱ ዝግጁ ነበር። «ስማ ወንድሜ፣ ሰው ትኬት የሚገዛው ፊት አይቶ ነው። እኔ ቪዛ፣ አውሮፕላን፣ ሆቴል፣ አዳራሽ፣ ኢንሹራንስ ከፍዬ ነው የማመጣው። የቤዝ ተጫዋች ስም ጽፌ አንድ ሰው አይጨመርልኝም።» ስለ ወጪው የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ብዙ አዘጋጆች ከስረው አይቻለሁ። ነገር ግን ስሙን መጻፍ ሳንቲም አያስወጣም። ትኬት አይጨምርም የሚለውም የሚሠራው ለዛሬ ብቻ ነው። ባንድ በስሙ ከታወቀ በበዓል መካከል ባሉት ባዶ ሳምንቶች፣ ከአገር ቤት ማንም ሳይመጣ፣ አዳራሽ ይሞላል። ቦስተን ውስጥ ዳኒ መኮንን የመሠረተው ደቦ ባንድ፣ እዚህ ዋሽንግተን ፊደል ባንድ፣ በስማቸው ነው ሲጋበዙ የኖሩት፤ ብዙ ጊዜም የጋበዟቸው ፈረንጆች ናቸው።

ሌላው መልሱ ይበልጥ ከባድ ነው። «ባንድ የለም እኮ» አለኝ፤ «ድራመሩ ዛሬ ከእነዚህ፣ ነገ ከነዚያ ጋር ነው። የማንን ስም ልጻፍ?» እዚህ ላይ ልክ ነው። ኑሮው ነው እንዲህ ያደረገው። አንዱ ቅዳሜ የሥራ ፈረቃ አለው፣ አንዱ ሦስት ቤት ካልተጫወተ መኪናውን አይከፍልም፤ የሚለማመዱበትም ቦታ ውድ ነው። ሂልተን ለዋልያስ የሰጠውን ዓይነት ቋሚ መድረክ የሚሰጥ ቤት ጥቂት ነው። ያም ቢሆን ሰዎቹ ስም አላቸው። ባንዱ ስም ከሌለው የአምስቱ ሰዎች ስም ይጻፍ።

አገር ቤትም ዛሬ እንደ ድሮው ነው አልልም። ካሴቱ ሲጠፋ ሽፋኑም አብሮ ጠፋ። ዘፈን በዩቲዩብ ሲለቀቅ ከሥሩ የቅንብሩንና የጊታሩን ባለቤት የሚጽፍ አለ፣ የማይጽፍም አለ፤ በቲክቶክ የተቆረጠው ደግሞ የዘፋኙም ስም የለውም። እንደ ካዛንቺስ ፈንዲቃ ያለ፣ ሙዚቀኛና አድማጭ ፊት ለፊት የሚተዋወቁበት ቤትም በ2024 ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል። ጃኖን የመሰለ በባንድ ስም የታወቀ ቡድን ግን ካሴቱ ከጠፋ በኋላም ወጥቷል፤ የመጀመሪያ አልበማቸው «ኤርታሌ» በ2012 ሲወጣ ወጣቱ በባንዱ ስም ነው የጠራው። ስለዚህ የሐበሻ አድማጭ ዘፋኝ ብቻ ነው የሚያውቀው የሚባለውን አልቀበልም። የነገርነውን ያውቃል፤ ያልነገርነውን ከየት ያመጣዋል?

አዘጋጆች፣ የሚቀጥለው የበዓል ፖስተር ሲሠራ ከስፖንሰሮቹ በላይ አንድ መስመር ለሙዚቀኞቹ ይተው። ሬስቶራንት ያላችሁ፣ ዓርብና ቅዳሜ የሚጫወቱትን ሰዎች ስም ከምናሌው ጋር በር ላይ ስቀሉት፤ ለአንድ ባንድ ስድስት ወር ቋሚ ምሽት መስጠት የምትችሉ ካላችሁ ደግሞ ስጡ። ዘፋኞች፣ ሽልማቱን ስትቀበሉ ዘወር ብላችሁ የኋላዎቹን በየስማቸው፣ ከነመሣሪያቸው ጥሩ። ሙዚቀኞች፣ ለራሳችሁ ስም አውጡ፤ አባል ቢቀያየርም ስሙ ይቆይ።

የእኔን ድርሻ ደግሞ ከዚህ ወር እጀምራለሁ። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትጫወቱ ሁሉ የባንዳችሁን ስም፣ ማን ምን እንደሚጫወት፣ የት ቤትና በየትኛው ቀን እንደምትገኙ ላኩልኝ። ዝርዝሩን በየወሩ መጀመሪያ እዚህ ገጽ ላይ በነፃ አወጣዋለሁ፤ ሱቅ ያለው ሰው አትሞ በሩ ላይ እንዲለጥፈው በአንድ ወረቀት ልክ አዘጋጀዋለሁ።