የአለቃችን ዓሣ

ለኢንተርንሺፕ የተመደብንበት ቢሮ ውስጥ፣ አለቃችን ጠረጴዛ ላይ አንድ ወርቃማ ዓሣ አለ። ለሳምንት ፊልድ ሲወጡ "አደራ፣ እንዳይርበው" ብለውን ሄዱ። በማግስቱ ዓሣው ላይ ላዩን ተንሳፍፎ አፉን ይከፍት ይዘጋ ጀመር። ያየው ሁሉ ራበው ብሎ ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ እኛ ከለከልን።

ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈው ዳቦም ሲበሰብስ ይጨምርበታል። አሞኒያውን የሚለውጡት ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ስፖንጁ ግን በቧንቧ ውኃ ታጥቧል፤ ክሎሪን ደግሞ ባክቴሪያ አይምርም። (የውኃ ማጣራት ኮርስ እዚህ ጠቀመን።) ክሎሪኑ እንዲተን ውኃ በባልዲ 24 ሰዓት ክፍቱን እያቆየን፣ በየቀኑ ከዙህር በኋላ ሩቡን ቀየርንለት። ምግብም ለ2 ቀን አቆምን። "አደራው አብሉት ነው፣ እኛ እያስራብነው አይደለም ወይ?" ብለን ተከራክረንበታል። አደራው ሕይወቱ ነው በሚለው ተስማማን።

አንዱ ሠራተኛ "ለድመት ስጡትና ሌላ ይግዙ" አለን። ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ መድረሳ ተምረናል። ድመቷ እንኳ ብትለቀቅ የምትለቃቅመው ነበራት። ይህ ዓሣ ከመስታወቱ ቢወጣ ወዴት ይሄዳል?

በ5ኛው ቀን ወደ ታች ወርዶ መዋኘት ጀመረ፣ አልሐምዱሊላህ። የቀረው ከባዱ ነበር። ጠዋት ጠዋት ዳቦ የሚፈረፍሩለት ራሳቸው አለቃችን ናቸው፤ የኢንተርንሺፕ ውጤታችንን የሚሞሉትም እርሳቸው። ሲመለሱ ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙንና ዳቦውን በሻይ ራሳቸው በሉት።