ሲቸግራት ማን ይገዛላታል?

ሸሕዲ፣ ጥር 2015 ዓ.ም.

ቀለበቷ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች የልጅቱ እናት ዘንድ ደረሰች። እሳቸው ከሣጥኗ አውጥተው መዳፋቸው ላይ አኖሯትና እጃቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፈርጧን ሲያይ እሳቸው ክብደቷን ይመዝኑ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ታምራለች። ግን ልጠይቅሽ። ክፉ ቀን ቢመጣ፣ ሲቸግራት ማን ይገዛላታል?»

የምመልሰው አጣሁ። ቀለበቷን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። አሜሪካ ያለች ታላቅ እህታችን ለታናሽ ወንድማችን እጮኛ የላከቻት የአልማዝ ቀለበት ናት። ከአዲስ አበባ ጎንደር፣ ከጎንደር በአዘዞና በአይከል አድርጌ ቆላ እስክወርድ ድረስ ሣጥኗን ከጉያዬ አልለየሁም። መንገዱ ከጭልጋ ደጋ ቁልቁል ሲወርድ ብርዱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የዕጣን ዛፍ የበቀለበት ኮረብታ ይመጣል፣ ቀጥሎ የሰሊጥና የማሽላ ሜዳ። ሸሕዲ ስገባ በጥር ወር ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

በዚህ አገር ቀለበት የሚታሰረው ሰሊጥ ከተሸጠ በኋላ ነው። ሳሉግ የሚባሉት የወቅት ሠራተኞች ከየደጋው ወርደው ያጭዱታል፣ ነዶውን አቁመው ያደርቁታል፣ ያራግፉታል። መጋዘን ገብቶ፣ ደረጃ ወጥቶለት ይሸጣል። ብሩ እጅ ሲገባ ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽ ይቆረጣል፣ ወርቅ ይገዛል። ወርቁ ታዲያ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ዝናብ የቀረበት ወይም የሰሊጥ ዋጋ የወደቀበት ዓመት ሲመጣ ተመልሶ ብር የሚሆነው እሱ ነው። ወንድሜም እንደ አባቶቹ ሊያደርግ ሲያስብ የእህታችን አልማዝ ቀደመችው።

እናትየው ዝም ማለቴን አይተው «ነይ ላሳይሽ» አሉና ከጓዳ ሙዳይ ይዘው መጡ። ውስጡ ሁለት ማርትሬዛና አንድ የብር አልቦ አለ። ማርትሬዛውን ወደ ብርሃን አዞርሁት፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ሞላ ያለ ፊት፣ ከጀርባው 1780 የሚል ዓመት። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ቁጥር እንደያዘ ቀርቷል። 28 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 23 ግራም ከምናምኑ ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኞቻችን ለዘመናት አልቦውንም፣ ድሪውንም፣ የአንገት መስቀሉንም የሠሩት ይህንኑ እያቀለጡ ነው። የጎረቤቱ የቋራ ልጅ አፄ ቴዎድሮስ ያገቧት እቴጌ እንኳ ስሟ ጥሩወርቅ ሆኖ የብር ጌጥ ነበራት። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው፣ የእሷ ነው የሚባለው የሠርግ ቀሚስና ጌጣጌጥ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ወደ አገሩ የሚመለስበትን ቀን ያሳየን።

«አልቦው ጥንድ አይደለም እንዴ እናቴ?» አልኳቸው።

«ጥንድ ነበር። በሰባ ሰባቱ ረሃብ አንዱን ሸጥሁት። እግሬ ባዶውን ቀረ፣ ልጆቼ ግን በሉ።»

ጥያቄያቸው ከየት እንደመጣ የገባኝ ያኔ ነው።

እዚያ ከተቀመጡት ሴቶች ሁለቱ ስማቸው አልማዝ ነው። ለሴት ልጆቻችን ይህን ስም ስናወጣ ኖረናል፤ ድንጋዩን በዓይናችን ያየነው ግን ጥቂት ነን። አልማዝ የሚወጣበት ጉድጓድ በአገራችን የለም። የዓለምን የአልማዝ ገበያ ለብዙ ዘመን በእጁ የያዘው ደ ቢርስ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቋቋመው በመጋቢት 1880 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ከሸሕዲ ወረድ ብሎ መተማ ላይ አፄ ዮሐንስ ወደቁ። ያኔ በዚህ ድንበር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ማርትሬዛ እንጂ አልማዝ አልነበረም። እጮኛ ያለ አልማዝ አትታጭም የሚለውን ልማድ በምዕራቡ ዓለም ያስፋፋው የዚሁ የደ ቢርስ ኩባንያ ማስታወቂያ ነው፤ አልማዝን ከዘላለም ጋር ያስተሳሰረው ዝነኛው ቃል የተጻፈው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። የእናትየው አልቦ በዕድሜ ሳይበልጠው አይቀርም።

ጎንደር፣ በሳምንቱ

ጥያቄያቸውን ይዤ ወደ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ሄድሁ። አባታቸውም አያታቸውም አንጥረኞች ነበሩ። ጌጡን እየለበሰ ሠሪውን ቡዳ የሚል አገር መካከል ሙያውን ሳይጥሉ እዚህ ያደረሱ ሰው ናቸው፤ ለእኔ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ቀለበቷን በጥቁሩ የመፈተኛ ድንጋይ ላይ በስሱ ሳቧት። ጠባሳ የመሰለች ቀጭን መስመር ቀረች። በመስመሯ ላይ የአሲድ ጠብታ አኑረው ጠበቁ። «ነጭ ወርቅ ነው፣ 18 ካራት» አሉ። ከዚያ በመስታወት በተከበበችው ሚዛን ላይ አስቀመጧት፤ 2.70 ግራም።

«ከቀለበቷ ጋር የመጣው የምስክር ወረቀት ደግሞ ግማሽ ካራት ይላል» አልሁ።

«እታለም፣ እሱ ሌላ ካራት ነው።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቼ ኖሬአለሁ። የወርቅ ካራት የሚነግረን ንጽሕናን ነው። ንጹሑ 24 ነው፤ 21 ካራት ሲባል ከ24ቱ እጅ 21ዱ ወርቅ፣ ቀሪው ሌላ ብረት ነው። ስለዚህ 10 ግራም ባለ 21 ካራት ወርቅ ውስጥ 8.75 ግራም፣ በ18 ካራቱ ውስጥ ደግሞ 7.5 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ። የድንጋይ ካራት ግን ክብደት ነው፤ አንድ ካራት የግራም አንድ አምስተኛ ነው። ስሙ የመጣው ጥንት ሚዛን ላይ ይውል ከነበረው የካሮብ ፍሬ ነው ይላሉ። ከወንድሜ እርሻ የመጣ ሰሊጥ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረና ሽማግሌው ጥቂት ዘግነው ፍሬ በፍሬ ሚዛኗ ላይ ጣሉ። ሠላሳ አራተኛው ፍሬ ሲወድቅ ሚዛኗ 0.10 አለች። የቀለበቷ አልማዝ ክብደት ይኼው ነው፤ ሠላሳ አራት የሰሊጥ ፍሬ።

ቀጥሎ ድንጋዩን በሚያጎላው መነጽር አዩ። ፈርጡን የያዙት አራት ጥፍሮች ቀጭን መሆናቸውን አልወደዱትም፤ «እንጀራ የምትጋግር እጅ ላይ ይላላሉ» አሉ። በትንፋሻቸው እፍ ሲሉበት ጉሙ ወዲያው ጠፋ። አልማዝ ሙቀትን ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍ እንዲህ ያደርጋል፤ ግን በዚህ ብቻ አይታመንም። አልማዝ የሚመስለው ኪዩቢክ ዚርኮኒያ በክብደቱ ይታወቃል፤ በመጠን እኩል ከሆነው አልማዝ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይከብዳል። ሞይሳናይት የሚባለው ደግሞ በሙቀት የሚሠራውን መፈተሻ መሣሪያ ሳይቀር ያታልላል። አንዳንድ ነጋዴ ኪዩቢክ ዚርኮኒያውን አልማዝ ብሎ ለሙሽራ ይሸጣል፤ ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ከረረ። በወረቀት የሚመጣ አልማዝ ከሆነ የወረቀቱ ቁጥር በድንጋዩ ወገብ ላይ በዓይን በማይታይ ጽሑፍ ተቀርጾ ብዙ ጊዜ ይገኛል። የእኛው ነበረው፤ ከወረቀቱም ጋር አንድ ሆነ።

ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ያነበብሁት ያኔ ነው። አልማዙ ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራ ነው ይላል።

እህቴ ጋ ደወልሁ። ታውቅ ነበር። «ከምድር የወጣውን ለመግዛት አቅሜ አልፈቀደም፤ ውበቱ ግን አንድ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ሁለቱም ካርቦን ናቸው፣ ጥንካሬያቸውም ብርሃን አሰባበራቸውም አንድ ነው፣ በዓይን መለየት አይቻልም። ልዩነቱ ምድር በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ያዘጋጀችውን ፋብሪካ በሳምንታት መሥራቱ ነው። በሳምንታት የሚሠራ ነገር ደግሞ እየበዛ ይሄዳል፤ ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል። እህቴ አልዋሸችም፣ አልተዋሸችም። የተሳሳትነው አልማዝ የሚለውን ስም ስንሰማ ርስት የተላከልን የመሰለን እኛ ነን።

«እና አባባ፣ ልሽጥልዎት ብል ይገዙኛል?»

«ወርቋን እገዛሻለሁ። ድንጋይዋን ነቅዬ፣ በወረቀት ጠቅልዬ እመልስልሻለሁ።»

ከምድር የወጣ አልማዝ ቢሆንስ አልኋቸው። እሱንም እንደሚመልሱ ነገሩኝ፤ ከእሳቸው የሚገዛ የለም። አልማዝ የሚመዘነው በአራት ነገር ነው፤ በቀረጻው፣ በቀለሙ፣ በጥራቱና በክብደቱ። ቀለሙ ከዲ እስከ ዜድ በፊደል ይመደባል፣ ጥራቱ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይታያል፣ ብልጭታውን የሚሰጠው ግን ከሁሉ በላይ ቀረጻው ነው፤ ቀረጻው ደካማ ከሆነ ትልቁም ድንጋይ ደብዛዛ ነው። ይህን ሁሉ ለይቶ ዋጋ የሚያወጣ ባለሙያ በሌለበት ከተማ አልማዝ የሚያምር ድንጋይ ብቻ ነው። ከ2.70 ግራሙ ላይ ድንጋዩን ስንቀንስ 2.60 ግራም ባለ 18 ካራት ወርቅ ይቀራል፤ ከሁለት ግራም ያነሰ ንጹሕ ወርቅ።

ከአልማዙ ይልቅ ልቤ ወደ አገራችን ኦፓል አደላ። ወሎ ውስጥ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና ላይ በ2000 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ ዓለም ያወቀው ድንጋይ ነው። ሽማግሌው ከመሳቢያቸው አንድ አወጡልኝ፤ ውስጡ አረንጓዴና ቀይ እሳት ይንቀሳቀሳል፣ በሕይወቴ ካየሁት ድንጋይ ሁሉ ያማረኝ እሱ ነው። ነገር ግን የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ውኃ ውስጥ ሲቆይ እንደ መስታወት ጠርቶ እሳቱ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፤ ላብና ዘይት ከጠጣ ግን ሊበላሽ ይችላል። በዚያ ላይ ከአልማዝ ጋር ሲነጻጸር በጣም ለስላሳ ነው። ለጆሮና ለአንገት ይሁን፤ የሸሕዲ ላብና የጓዳ ሥራ ለሚያገኘው ጣት አልመክረውም።

መተማ ዮሐንስ፣ ግንቦት 2015 ዓ.ም.

ለሠርጉ ተመልሼ ወረድሁ። በመካከሉ፣ በቀዳም ስዑር ዕለት፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሥቶ ነበር። ከሸሕዲ በኮኪት አልፈን የድንበሯ ከተማ ስንገባ ሻንጣ፣ ሕፃንና ሽማግሌ በየጥላው ተቀምጧል። ሙቀቱ ጫማ ያስወልቃል።

ወንድሜ ለሠርግ ዕቃ በገባበት ሱቅ በር ላይ ቶብ የለበሰች ሱዳናዊት ቆማ ነበር። ዕድሜዋ ከእኔ አይበልጥም። ከክንዷ ሦስት አምባር አወለቀች፣ ከቦርሳዋ ደግሞ ባለ ፈርጥ ቀለበት አወጣች። ወንድሜ እንደ ብዙው የመተማ ሰው አረብኛ ስለሚችል ይተረጉምልኝ ጀመር። «ዒያር 21» አለች፤ 21 ካራት ማለቷ ነው። ወርቅ ገዢው ባለ ሱቅ በመፈተኛ ድንጋዩ ላይ ሳበ፣ አሲድ አኖረ፣ መዘነ። ልክ ነበረች። የሰጣት ዋጋ ጎንደር ላይ ከሰማሁት በጣም ያነሰ ነው፤ ወንድሜ ተከራክሮላት ትንሽ ጨመረ። ሁለቱን አምባር ሸጠች፣ ሦስተኛውን ወደ ክንዷ መለሰች።

ቀለበቱን ገዢው በጉጠት ያዘው። ፈርጦቹን አንድ በአንድ ነቀለ፤ አንድ ትልቅ፣ ስድስት ደቃቅ። ወርቁን መዝኖ ከፈላት፣ ድንጋዮቹን በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ እጇ ላይ አኖረ። ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሆኑ ማንም አልጠየቃት። የቶቧን ጫፍ ቋጥራ አሠረቻቸውና ወደ ጎንደር የሚወጣ መኪና ፍለጋ ሄደች።

የዚያን ዕለት ማታ ሸሕዲ ላይ ያየሁትን ለእናትየው ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እግዚአብሔር አገሯን ይመልስላት» አሉ፤ ስለ ቀለበት ምንም አልተናገሩም።

ውጭ አገር ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር ልለምን። ለእጮኛ፣ ለእህት፣ ለእናት ጌጥ ስትልኩ ወረቀቱን አብራችሁ ላኩ፤ ከምድር የወጣ ይሁን ከላብራቶሪ በግልጽ ንገሩ። አልማዙ ፍቅራችሁን ይግለጽ፣ ይገልጻልም፤ ተቀባይዋ ግን ክፉ ቀን የምታሳልፍበት ሀብት ነው ብላ እንዳትተማመንበት። እዚህ የምትገዙም ድንጋዩ ሳይቆጠር ወርቁ ስንት ግራም እንደሆነ፣ ካራቱን፣ የእጅ ዋጋውን ለይቶ የሚያሳይ ደረሰኝ ሳትቀበሉ ብር አትቁጠሩ።

ወንድሜ በሰሊጡ ገንዘብ ጎንደር ላይ በእኚያው ሽማግሌ አንጥረኛ ዘንድ አንድ ቀለበት አሠርቷል፤ 21 ካራት፣ 5.20 ግራም፣ ፈርጥ የሌለው ልሙጥ። በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ ጣት ላይ የጠለቀው እሱ ነው። የእህታችን አልማዝ በሌላው እጇ ነበረች፣ በመብራቱ ሥር ስታንጸባርቅ ሁሉም ወደዳት። የወርቁን ደረሰኝ እናትየው አጥፈው ከማርትሬዛዎቹና ከአንዱ አልቦ ጋር ሙዳይ ውስጥ አስቀምጠውታል።