ዓይን ጨፍነው የሚነሱት ፎቶ

መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ ሰው ፊቱን ለማሽን የሚሰጠው ወረቀት ሲፈልግ ነው። ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለፓስፖርት። «ቀና በይ፣ ትከሻሽን አስተካክዪ፣ ጆሮሽ ይታይ፣ እንዳትስቂ» ተብሎ ጉርድ ፎቶ ይነሳል። የወለደች እናት እንኳ የምትጠራጠረው ፊት ይወጣል። አሁን ደግሞ ፋይዳ የሚባለው መታወቂያ አለ፤ የአሥሩም ጣት አሻራ፣ የዓይን አሻራና የፊት ምስል ተወስዶ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጠናል። ይህን አልነቅፍም፤ ያለ መታወቂያ መኖር ምን ያህል እንደሚያጎሳቁል መርካቶ ውስጥ ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ያሉት ስካነርና ዌብካም ማንነታችንን ከማረጋገጥ ያለፈ ሥራ ሳይሠሩ አርጅተው ይጣላሉ። እኔ ግን የሰፈሬን ሰዎች መልክ ከእነዚህ ማሽኖች በተሻለ የያዘልኝ ነገር የለም። ስለዚህ ዛሬ ፊትን በስካነርና በዌብካም ስለማንሳት ጨዋታ ልጻፍ።

ስካነር እንደ ካሜራ ብልጭ ብሎ ሁሉንም በአንዴ አያይም። ከመስታወቱ ሥር ያለው ዘንግ መብራቱን ይዞ ከጫፍ ጫፍ ሲሄድ፣ በደረሰበት ቦታ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ያነባል። መስመሮቹ ሲደረደሩ ምስል ይሆናሉ። እንግዲህ ግንባርህና አገጭህ የተነሱት በተለያየ ሰዓት ነው ማለት ነው። በመካከሉ ብትስቅ ሳቁ ከአፍንጫ በታች ብቻ ይቀራል። ዘንጉ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ፊትህን አብረህ ካንሸራተትክ ጉንጭህ ይለጠጣል፤ በተቃራኒው ከሄድክ ያጥራል። በጣም የምወደው ግን ይህ ነው፦ ቀኝ ጆሮን መስታወቱ ላይ አድርጎ፣ ከዘንጉ እኩል ጭንቅላትን ቀስ እያሉ ማንከባለል፤ ግራ ጆሮ ላይ ሲደርሱ ማቆም። ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ጉንጭ፣ መሐል ላይ አፍንጫ፣ ሁሉም በአንድ ገጽ ተዘርግተው ይወጣሉ።

በድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቁ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑ ጎልቶ፤ ክፉው ደግሞ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ብቻ። ዓይናችን በዚህ ሥርዓት ስለተገራ ይመስለኛል፣ አንድ ፊት ጎኑንም ፊቱንም በአንዴ ሲያሳይ ሰዉ ዝም ብሎ ቆሞ የሚያየው። በዚያ ላይ ዓይኑ የተጨፈነ ነው። መብራቱ ኃይለኛ ስለሆነ ጨፍኖ መነሳት ግድ ነው፤ ልጆች ካሉ ይህን ደጋግማችሁ ንገሯቸው። ዓይን ሲጠፋ ሌላው ነገር መናገር ይጀምራል፦ የከንፈር ስንጥቅ፣ የግንባር መስመር፣ የነጠላው ጥለት፣ የአንገት ንቅሳት። በጉርድ ፎቶ ላይ እነዚህን ማን ልብ ይላቸዋል?

ሰፈራችን ውስጥ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት መጀመሪያ እምቢ አሉኝ። «ፊቴን ተወው ልጄ፣ እጄን ከፈለግህ እንካ» ብለው መዳፋቸውን ከነስኒው አስቀመጡ። የወጣውን ምስል አገላብጠው አይተው ዝም አሉ። ቆይተው ግን ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ጉንጫቸውን መስታወቱ ላይ አጋደሙ። የሰፈሩ ልጆች ሲስቁ እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ ምስሉ ላይ አለ፣ እንደ ውኃ ሞገድ ከንፈራቸው ላይ ተዘርግቶ። ግድግዳቸው ላይ ከሰቀሉት የልጃቸው የምርቃት ፎቶ ጎን አድርገውታል።

ነገሩን አዲስ ፈጠራ አድርጌ አላቀርበውም። እ.ኤ.አ. በ1957 ራስል ኪርሽ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ፎቶን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ የመጀመሪያውን ስካነር ከባልደረቦቹ ጋር ሲሠራ፣ ማሽኑ ያነበበው የሦስት ወር ልጁን የዋልደንን ፎቶ ነበር፤ ወርዱ 176፣ ቁመቱም 176 ነጥብ። ዌብካም ደግሞ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቡና ማፍያ ባዶ መሆን አለመሆኑን ከሩቅ ለማየት ነው። የልጅ ፊትና ቡና! ከሰባተኛ ምን ያህል ይርቃል?

ዌብካምን በስካነር ጠባይ ማሠራት ይቻላል። ፕሮሰሲንግ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም የሚያውቅ ወጣት ካገኛችሁ፣ ካሜራው ከሚያነሳው ከእያንዳንዱ ምስል የመሐሉን አንድ ቋሚ መስመር ብቻ እየወሰደ ጎን ለጎን የሚደረድር አጭር ኮድ ይጽፍላችኋል። በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ካሜራ 640 መስመር ለመሙላት 21 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰውዬው ወንበሩ ላይ አንዴ ዞሮ ይቀመጥ፣ ወይም ሁለት ጓደኛሞች ቦታ ይቀያየሩ። ጆሮ ከሌላ ሰው አፍንጫ ጋር ሲጋጠም ታያላችሁ።

በርካሽ መሣሪያ ትልቅ ሥራ እንደሚሠራ የኛው ሰዎች አሳይተዋል። ፎቶ አንሺው ግርማ በርታ የአዲስ አበባን መንገደኞች በስልኩ አንስቶ፣ ከግርግሩ ለይቶ በደማቅ ቀለም ላይ ብቻቸውን አቆማቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ድጋፍ ካሸነፉት አንዱ ሆነ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚሰበስባቸውን የተጣሉ ማዘርቦርዶችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ዓለም የሚያውቃቸው ግዙፍ ሥራዎች አድርጓቸዋል። ከእነሱ በፊትም ፎቶ ቤቶቻችን ነበሩ። ከአርመኑ ቤድሮስ ቦያጂያን ጀምሮ የነገሥታቱን ፊት ሲያነሱ የኖሩ አሉ፤ በየሰፈሩም የኛን አባቶች ከተሣለ መጋረጃ ፊት ያቆሙ። ፎቶ ቤት ገብቶ የሰው ኮት ተውሶ መነሳት ጨዋታ ነበር። ያ ጨዋታ ነው የናፈቀኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ስካነር ሁለት ዓይነት ነው። ቀጭኑና ቀላሉ መስታወቱን የነካውን ብቻ ነው ጥርት አድርጎ የሚያየው፤ አፍንጫን ይዞ ጆሮን ጨለማ ውስጥ ይጥላል። ጥሩ ጎን አለው፣ ብዙዎቹ ከላፕቶፕ በዩኤስቢ ኃይል ስለሚያገኙ መብራት ቢጠፋም ይሠራሉ። የድሮው ወፍራምና ከባዱ ግን በውስጡ ብርሃን የሚመልሱ መስታወቶችና ሌንስ ስላሉት ከመስታወቱ ከፍ ያለውንም ጥቂት ሴንቲሜትር ድረስ ያያል፤ ለፊት የሚሆነው እሱ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቶች ግን ቦታ ያዘብን እያሉ ለቆራሌው የሚሰጡት ይህንኑ ነው፤ ከዚያ ምናለሽ ተራ ገብቶ ተፈታትቶ ይሸጣል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ወፍራም ስካነር መጋዘን ውስጥ ያስቀመጣችሁ፣ ወይም አሮጌ ዌብካም መሳቢያ ውስጥ ያላችሁ፣ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። መክደኛው የተሰበረ ቢሆንም ግድ የለም፤ እኛ መክደኛውን ነቅለን ነው የምንጠቀመው። መስታወቱ ብቻ ይትረፍ።