ያልተነቃነቀው እረኛ



ላሊበላ ባለችው ትንሽ ኅብረታችን ሕፃናትን እናስተምራለን። ለባለፈው ገና ልጆቹ የሣሏቸውን ስዕሎች ሰብስበን የእረኞቹን ታሪክ በስልካችን ካርቱን ልናደርገው ተነሣን። ሦስት ሳምንት ለፍተን ያገኘነው ሁለት ደቂቃ ነው። በእርሱም ውስጥ መልአኩ አፉን ብቻ ይከፍታል፤ እረኞቹ ንቅንቅ አይሉም። አፈርን። "ቶምና ጄሪ የለመደ ልጅ ይህን ያያል?" ተባባልን። ልንተወው ምንም አልቀረንም።

ነገሩን ስናጠያይቅ ግን በዚህ መንገድ የሄዱ ብዙ መሆናቸውን አወቅን። በፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ምስሎች ያልፋሉ፤ ያን ያህል መሣል ብዙ ሰውና ገንዘብ ይጠይቃል። ቶምና ጄሪን የፈጠሩት ሐና እና ባርቤራ በ1957 እ.ኤ.አ. ስቱዲዮው ሲዘጋባቸው ወደ ቴሌቪዥን ገቡ። በዚያ በጀቱ ትንሽ ነበር። ስለዚህ አካሉን አቁመው አፍና ራስን ብቻ አንቀሳቀሱ፤ አንዱን ስዕል ደጋግመው ተጠቀሙበት። ድቡ ዮጊ ኮሌታና ከረባት ያደረገው የሚንቀሳቀሰው ራስ ከቆመው አካል ጋር የሚገጥምበት እንዳይታይ ነው። የጎደለውን እንቅስቃሴ በድምፅና በጨዋታ ሞሉት።

በ1965 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታየው የቻርሊ ብራውን የገና ካርቱንም በጥቂት ወራት የተሠራ ነው። የጣቢያው ኃላፊዎች ቀርፋፋ ነው ብለው አልወደዱትም ነበር። በመካከሉ ሊነስ የተባለው ልጅ መድረክ ላይ ብቻውን ቆሞ ሉቃስ 2፥8–14ን በቃሉ ይናገራል። ሌላ ምንም አይታይም። ቃሉ ግን ሙሉ ነው።

በገና ዕለት የእኛንም አሳየን። አንድ ልጅ፣ "እረኛው ለምንድን ነው የማይነቃነቀው?" አለ። ይቅርታ ልንጠይቅ ስንል አጠገቡ የተቀመጠች ልጅ ቀደመችን፦ "እየሰማ ነዋ!"

ወገኖች፣ እኛ ያፈርንበትን እርሷ አምልኮ አድርጋ አየችው።

ከከተማችን ወጣ ብሎ ባለው በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ውኃ ከጣሪያው ጠብ ጠብ እያለ በድንጋይ ገበታዎች ይጠራቀማል። ጠብታዋን የናቀ ገበታው ሲሞላ አያይም። ዘካርያስ 4፥10 የሚጠይቀንም ይህንኑ ነው፦ የጥቂቱን ነገር ቀን የናቀ ማን ነው?

ይህ ለስንፍና ማመካኛ አይሁንብን፤ ያለንን በትጋት እንሥራ። ነገር ግን እጃችን አጭር ነው ብለን የተሰጠንን ቃል አንቅበር። እናንተስ "ይህማ አይታይም" ብላችሁ የተዋችሁት አገልግሎት አለ? ዛሬ በጌታ ፊት አቅርቡት።

ጌታ ይባርካችሁ።