ስምንት ቤት ብቻ የሚያውቀው ዝሆን

በአገራችን ሰንጠረዥ ላይ ፊል የሚባል ዝሆን አለ። ስሙ ግርማ አለው፤ እርምጃው ግን እንግዳ ነው። በሰያፍ አንድ ቤት ዘልሎ ሁለተኛው ላይ ያርፋል፣ ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም መሄድ አይችልም። የሚዘለው ቤት ላይ ወዳጅ ይቁም ጠላት አያግደውም። ገበታው 64 ቤት አለው፤ አንድ ፊል ዕድሜውን ሁሉ ቢዘል ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። የሁለቱ ወገን አራት ፊሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስምንት ቤት ስላላቸው አንዱ ፊል ሌላውን ፊል ከቶ አያገኘውም።

እንዲህ ያለውን ተዋጊ ይዞ ምን ይደረጋል? የአውሮፓ ተጫዋቾች በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም ሕጉን ለወጡት። ፊሉ ሰያፉን ከዳር እስከ ዳር የሚጠርግ ጳጳስ ሆነ፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመድ የነበረው ፈርዝ ደግሞ ከሁሉ የበረታች ንግሥት። ደካማውን ጠንካራ አድርጎ መፍጠር አንድ መልስ ነው። የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ግን ዝሆኑን እንዳለ ተዉትና በዙሪያው ያለውን ነገር አደራጁ። ይህኛው መልስ የበለጠ ብልሃት ይጠይቃል።

ብልሃቱ የሚጀምረው ወረራ ከሚባለው የጨዋታው ምዕራፍ ነው። በዘመናዊው ቼዝ ነጭ አንድ፣ ጥቁር አንድ እያሉ ተራ ይጠብቃሉ። በእኛ ሰንጠረዥ ግን የመጀመሪያው ተዋጊ እስኪበላ ድረስ ተራ የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ዓይናቸው ግን ከተቃራኒው እጅ አይነቀልም። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለዚህ ጨዋታ ጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ሰብስቦ አሳትሟል። ከዚያ ሁሉ በፊት ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተመዝግቧል። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴም ከመኳንንቶቻቸው ጋር ሲጫወቱ ሄንሪ ሶልት አይቷል።

ወረራ የሚለውን ቃል ወረኢሉ ላይ ቆሞ ለሚያስብ ሰው ጨዋታው ከገበታው ይወጣል። ምኒልክ ጦር ያሰፈሩባት ይህች ደጋ ከተማ በ1888 ዓ.ም. የአንድ ትልቅ ወረራ መሰለፊያ ነበረች። በመስከረም የታወጀው ክተት የሸዋን ሰው በጥቅምት አጋማሽ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ያዛል። ንጉሠ ነገሥቱም በጥቅምት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደዚያው አመሩ። በዚያ አምባ የተሰበሰበው ጠመንጃ ያነገተ ብቻ አልነበረም። ጋሻና ጦር የያዘ፣ ስንቅ የሚጭን፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ቁስለኛ የምታነሣ፣ ማሲንቆውን አንግቦ ፎካሪን የሚያሞቅ አዝማሪ ሁሉ በየአለቃው ሥር ቦታ ነበረው። የየካቲት 23ቱ የዐድዋ ድል ያለዚያ አሰላለፍ አይታሰብም።

እቴጌ ጣይቱ ሰንጠረዥ ዐዋቂ እንደነበሩ ይነገርላቸዋል። መቀሌ ላይ የጣልያን ምሽግ በፊት ለፊት ውጊያ አልደፈር ሲል የውሃውን ምንጭ የማስያዙ ምክር የእሳቸው ነበር። ውሃ የተቆረጠበት የሻለቃ ጋሊያኖ ጦር ጥር 1888 ላይ ምሽጉን ለቀቀ። ምክሩን የሰንጠረዥ ትምህርት ነው ማለት ድፍረት ይሆናል፤ ግን ፊልን በሚገባ የሚጫወት ሰው ይህን ዓይነቱን እርምጃ ሳይቸገር ያውቀዋል።

እስቲ ዝሆኑን ቀረብ ብለን እንየው። ከገዛ ወገኑ የኋላ ረድፍ ተነሥቶ ሁለት ሁለት ስለሚዘል የሚያርፈው በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ7ኛው ረድፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በራሱ የኋላ ረድፍ፣ በ8ኛው ላይ የተሸሸገ ንጉሥ ፊልን አይፈራም። ያን ንጉሥ አንድ ረድፍ ወደፊት፣ 7ኛው ላይ፣ ያውም ፊሉ ከሚደርስባቸው ሁለት ቤቶች በአንዱ ማቆም ያስፈልጋል። እንበል ንጉሡ መሐል ላይ ወጥቷል። ቀጥ ብሎ ዳር እስከ ዳር የሚሄደው አንደኛው ደር ከኋላው ያለውን ረድፍ ይዟል፣ ሌላው ደር ከፊቱ ያለውን። ግራና ቀኙን የገዛ ፈርዙና የገዛ እግረኛው ዘግተውበታል። ፊሉ በዚህ ጊዜ 5ኛው ረድፍ ላይ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል። የሚበላው ከሌለ ንጉሡ አለቀለት፤ ዘልሎ የሚመታን ማንም መሐል ገብቶ ሊጋርደው አይችልምና። ደሮቹ ደክመው ድሉ በዝሆኑ ስም ይቆጠራል።

ተጫዋቾቹም እንዲህ ያለውን ድል ያከብሩ ነበር። በደር ወይም በፈረስ ብቻ ማሸነፍ ተራ ነገር ሲሆን በፊል፣ በፈርዝ ወይም በእግረኛ ማሸነፍ ያስመሰግናል። ብቻውን የቀረን ንጉሥ መያዝ ደግሞ ድል አይባልም። ክብሩ ለደካማው መሰጠቱ ተጫዋቹን ስለ ደካማው እንዲያስብ አስገደደው።

ደካማውን ተዋጊ ይዞ ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ዛሬም ከጠረጴዛ ዙሪያ አልጠፋም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው ጨዋታ የተወለደው ከጦር ጨዋታዎች ነው፤ እዚያ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ ይዞ ይዋጋል። ባርድ የሚባለው፣ የእኛን አዝማሪ የሚመስለው ገጸ ባሕርይ፣ እ.ኤ.አ. በ1978ቱ የሕግ መጽሐፍ መጀመሪያ ተዋጊ፣ ቀጥሎም ሌባ ሆኖ ካላደገ ባርድ መሆን አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014ቱ እትም ሌላ መንገድ ተገኘለት። ባርዱ በቃሉ ወይም በዜማው ጓደኛውን ያበረታታል፤ የተበረታታው በሚቸግረው ጊዜ በጥቃቱ ላይ ተጨማሪ ባለ 6 ገጽ ዳይ ይጥላል። ባርዱ ራሱ ሰይፍ ባይሰነዝርም የጓደኛው ሰይፍ እንዲያገኝ አድርጓል። እንግዳ ገጸ ባሕርይ የመረጠ ወጣት በቅድሚያ የሚጠይቀው የሚበልጥ መሣሪያ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ፣ ጠላት ሳይገጥማቸው፣ ማን የት ይቆማል ብሎ ቢማከር ግን ያው ገጸ ባሕርይ ሌላ ተዋጊ ይሆንለታል።

ሰንጠረዡን ለመሞከር የቆየ ዕቃ ፍለጋ መውጣት አያስፈልግም። የተማሪ ቼዝ ይበቃል። ንግሥቲቱ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ትሂድ፣ ጳጳሱ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ይዝለል፣ እግረኛው በመጀመሪያ እርምጃው ሁለት ቤት መሄዱ ይቅር። የገበታው ጥቁርና ነጭ መደብም ለዚህ ጨዋታ ትርጉም የለውም። ከዚያ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ወረራቸውን ይጀምሩ፤ አንደኛው ፊሉን 3ኛው ረድፍ ላይ አሳርፎ እግረኛ ሲያስጠጋለት ሌላው ምን እንዳሰበ ወዲያው ይገባዋል።